ሱሉ ከባንግሳሞሮ እንዴት ወጣች? ከአንድ የድምፅ አቆጣጠር ጀርባ ያለው ታሪክ

የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 9 ቀን 2024 በሰጠው ውሳኔ የሱሉ ክፍለ ሀገር በአገሪቱ ደቡብ ያለው፣ ሙስሊሞች የሚበዙበት የባንግሳሞሮ ራስ ገዝ ክልል አካል አይደለችም አለ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ውሳኔው እንደገና ይታይልን የሚሉ አቤቱታዎችን ውድቅ አደረገ። ጁላይ 30 ቀን 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ጁኒየር በአስፈጻሚ ትእዛዝ ቁጥር 91 ሱሉን በዛምቦአንጋ ባሕረ ገብ መሬት፣ ማለትም በዘጠነኛው የአስተዳደር ቀጠና ሥር መደቧት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ውሳኔው ከተሰማ ወዲህ የሚባለው ብዙ ነው። አንዱ «ሱሉ ተገነጠለች» ይላል፤ ሌላው «ተባረረች» ይላል፤ «የሱሉ ሕዝብ ራስ ገዝነት በቃኝ አለ» የሚልም አለ። ቀርቦ ለሚያየው ሦስቱም አይገጥሙም። ሱሉ ከፊሊፒንስ አልተለየችም። ክልሉም አላባረራት፤ እንዲያውም የክልሉ መሪዎች እንድትቆይ ነበር የሚፈልጉት። «እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሕዝብም የለም። ክርክሩ የሱሉ መራጮች በ2019 የሰጡት ድምፅ ለብቻው ይቆጠር ወይስ ከጎረቤቶቹ ጋር ተደምሮ የሚል ነበር። መልስ ለማግኘት ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ።

ያ የሒሳብ ጥያቄ ለምን ይህን ያህል ክብደት ኖረው ለሚል አንባቢ መልሱ ያለው በሱሉ ታሪክና በከተሞቿ አቀማመጥ ውስጥ ነው።

ቦታውና ስያሜዎቹ

የፊሊፒንስ ትልቁ ደቡባዊ ደሴት ከሆነው ከሚንዳናዎ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ተነስቶ ወደ ቦርኒዮ የሚዘረጋ የደሴቶች ሰንሰለት አለ። ሱሉ የዚህ ሰንሰለት መካከለኛ ክፍል ናት፤ በሰሜን ምሥራቅ ባሲላን፣ በደቡብ ምዕራብ ታዊ-ታዊ ይጎራበቷታል። በ2020 ቆጠራ የሕዝቧ ቁጥር 1,000,108 ነበር። አብዛኛው ታውሱግ ነው፤ «ሱግ» የባሕር ውኃ ፍሰት ማለት ሲሆን «ታውሱግ» የፍሰቱ ሰዎች እንደማለት ነው። በትናንሾቹ ደሴቶች ሳማ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ሁለቱም በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው።

ክፍለ ሀገር ስንል በሕዝብ የተመረጠ አስተዳዳሪ ያለውን የአካባቢ መንግሥት ማለታችን ነው። ከሥሩ ከተሞች አሉ፤ ስማቸው ከተማ ይሁን እንጂ ገጠሩንም ስለሚያቅፉ ከእኛ አገር ወረዳ ጋር ይቀራረባሉ። የመጨረሻው እርከን ባራንጋይ ነው፤ ቀበሌ ቢባል አይርቅም። ሱሉ 19 ከተሞችና 410 ባራንጋዮች አሏት።

ይበልጥ ግራ የሚያጋባው «ክልል» የሚለው ቃል ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የአስተዳደር ቀጠና ነው። ምክር ቤት የለውም፣ የተመረጠ መሪ የለውም፤ የማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅርንጫፎቻቸውን የሚያደራጁበት ካርታ ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ በትእዛዝ ሊቀይረው ይችላል። ሁለተኛው ራስ ገዝ ክልል ነው። መሠረቱ የ1987 ሕገ መንግሥት ነው፤ የራሱ ፓርላማ፣ የራሱ ሚኒስቴሮችና የራሱ በጀት አለው፤ ያለ ሕዝበ ውሳኔ አይቋቋምም። ሱሉ ወደ ዘጠነኛው ቀጠና ስትገባ ሕዝቡ ድምፅ ያልሰጠው ለዚህ ነው፤ ሕጉ አይጠይቅም። ወደ ባንግሳሞሮ መግባት ግን ያለ ድምፅ አይሆንም።

ራሷን እንደ መዲና የምታይ ደሴት

የሱሉ ሱልጣኔት የተመሠረተው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በሸሪፍ አል-ሃሺም አቡበከር ነው። እስልምና ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር። በኢንዳናን ከተማ፣ ቡድ ዳቶ በሚባለው ኮረብታ ላይ ያለ የመቃብር ድንጋይ 710 ዓመተ ሂጅራ የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ይህም 1310 ገደማ ማለት ነው። ወደ ቻይና ሄደው ንጉሠ ነገሥቱን የጎበኙ አንድ የሱሉ ንጉሥ በ1417 በመልስ ጉዟቸው ዴጆ ከተማ ላይ ሞቱ፤ መቃብራቸው እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የሱሉ ሀብት ከባሕር የሚወጣ ነበር፦ ዕንቁ፣ የዕንቁ ቅርፊት፣ ደርቆ ለቻይና ገበያ የሚላክ የባሕር ኪያር፣ የሚበላ የወፍ ጎጆ። የባሪያ ንግድና የባሕር ወረራም የዚያ ኢኮኖሚ አንድ ክንድ እንደነበር መሸሸግ አይገባም።

ስፔን ማኒላን ከያዘች በኋላ ሱሉን ለማስገበር ሦስት መቶ ዓመት ታገለች። በ1578 ዘመተች፤ በ1638 ዋናዋን ከተማ ሆሎን ይዛ በ1646 ለቀቀች፤ በ1851 ተመልሳ መታች። ከተማዋን ለዘለቄታው የያዘችው በ1876 ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ሥልጣኗ በተግባር ከሆሎ ግንብና ከጥቂት የጦር ሰፈሮች እምብዛም አይርቅም ነበር። በ1878 መጀመሪያ ላይ ሱልጣኑ በሰሜን ቦርኒዮ ያለውን ግዛት በዓመት 5,000 ዶላር ለአውሮፓውያን ነጋዴዎች ሰጠ። «ፓጃክ» የሚለው የውሉ ቃል ኪራይ ነው ወይስ ሽያጭ የሚለው ክርክር ዛሬም የሳባህ ጥያቄ ተብሎ በፊሊፒንስና በማሌዥያ መካከል ይነሳል። የ2024ቱ ውሳኔ ይህን ጉዳይ አይነካውም፤ ሁለቱን እየቀላቀሉ የሚያወሩ ስላሉ ነው ማንሳቱ ያስፈለገው።

ስፔንን የተኩት አሜሪካኖች በኦገስት 1899 ከሱልጣን ጀማሉል ኪራም ሁለተኛ ጋር የቤትስ ስምምነትን ፈረሙ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የአሜሪካ ሉዓላዊነት ይላል፤ የታውሱግኛው ያን ቃል አይዘውም። በ1904 አሜሪካ ውሉን በራሷ ሻረችው። በማርች 1906 ግብርንና የአሜሪካንን አገዛዝ እምቢ ብለው ቡድ ዳሆ በሚባል የሞተ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የሰፈሩ ሰዎች ተከበው ተጨፈጨፉ፤ የሞቱት ሴቶችና ሕፃናትን ጨምሮ ከ800 እስከ 1,000 ይገመታሉ። በ1915 ሱልጣኑ ዓለማዊ ሥልጣኑን አስረክቦ የሃይማኖት መሪነቱን ብቻ ይዞ ቀረ።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ለአንድ ነጥብ ነው። ዛሬ የባንግሳሞሮ መቀመጫ የሆነችው ኮታባቶ በሌላ ሱልጣኔት፣ በማጊንዳናዎ፣ ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት። ሁለቱ ሱልጣኔቶች ጎረቤት ነበሩ፣ ተጋብተዋል፣ አንዳንዴም አብረው ተዋግተዋል፤ አንዱ ግን ለሌላው ገብሮ አያውቅም። ሱሉ ራሷን የምታስበው እንደ አንድ መንግሥት መዲና ነው። ይህን ልብ ያላለ ሰው በ2019 የሆነውን እንደ ድንገተኛ ነገር ያየዋል።

ከተሞቹ በቅርብ ሲታዩ

ሆሎ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ናት፤ ደሴቲቱም በዚሁ ስም ትጠራለች። በሰሜኑ ጠረፍ ያለች ወደብ ስትሆን ስፔኖች ከ1876 በኋላ በግንብ ያጠሯት ትንሽ ከተማ ነበረች። የደቡብ ፊሊፒንስ ሙስሊሞች፣ ማለትም የሞሮዎች፣ ታጣቂ ንቅናቄ የሆነው የሞሮ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1974 ሲገባባትና የመንግሥት ጦር ሊያስለቅቃት ሲደበድባት አብዛኛው ከተማ ተቃጠለ። ከዚያ እሳት የሸሹ ቤተሰቦች ወደ ዛምቦአንጋና ወደ ሳባህ ተበተኑ። ዛሬ ከዛምቦአንጋ ማታ የሚነሳ መርከብ ንጋት ላይ ሆሎ ይደርሳል። ሩዙም፣ ሲሚንቶውም፣ መድኃኒቱም የሚመጣው በዚሁ መስመር ነው።

የክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ግን ያለው ሆሎ ውስጥ ሳይሆን አጠገቧ ባለችው ፓቲኩል ነው። ፓቲኩል ለረጅም ጊዜ በዜና ስትጠራ የኖረችው በአቡ ሰያፍ ታጣቂዎች ምክንያት ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ሱሉ ከዚህ ቡድን ነፃ መሆኗ በይፋ ታወጀ፤ ጥለው የሄዱ ገበሬዎችም ወደ ኮኮናትና ወደ ዱሪያን እርሻቸው ተመልሰዋል።

በስተምዕራብ ኢንዳናን አለች። የሱልጣኔቱ የመጀመሪያ መዲና ቡዋንሳ እዚህ ነበረች፤ የመጀመሪያው ሱልጣን መቃብርም በቱማንታንጊስ ተራራ ጥግ ይገኛል። የተራራው ስም ከለቅሶ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከደሴቲቱ የሚርቅ መርከበኛ በመጨረሻ ከዓይኑ የሚጠፋው እሱ ስለሆነ ይለቀስበታል ይባላል። በደቡቡ ጠረፍ ማይምቡንግ የመጨረሻዎቹ ሱልጣኖች መኖሪያ ነበረች፤ ከእንጨት የተሠራው ቤተ መንግሥታቸው በ1932 በማዕበል ፈረሰ።

በዋናው ደሴት ላይ ፓራንግ፣ ታሊፓዎ፣ ፓናማዎ፣ ፓንግሊማ ኤስቲኖ፣ ሉክ፣ ኦማርና ካሊንጋላን ካሉዋንግ አሉ። ከዋናው ደሴት ውጪ ያሉት ስምንት ከተሞች የአስተዳደሩን ከባድ ሥራ ያሳያሉ። ሲያሲ የደቡቡ ደሴቶች የገበያ ማዕከል ናት። ታፑል የሞሮ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር መሥራች ኑር ሚሱዋሪ የተወለደባት ደሴት ናት። ሉጉስ፣ ፓንዳሚና ፓታ በአቅራቢያቸው አሉ። ፓንጉታራን በምዕራብ ብቻዋን የተቀመጠች ዝቅተኛ የኮራል ደሴት ናት። ሃጂ ፓንግሊማ ታሂል ከሆሎ ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ላይ ናት። ባንጊንጊ፣ የቀድሞዋ ቶንግኪል፣ ስሟን የወሰደችው ከባላንጊንጊ ሳማ ሕዝብ ነው፤ ስፔን በ1848 በእንፋሎት መርከቦች ምሽጋቸውን ሰብራ በኋላም ብዙዎቹን ወደ ሉዞን የትምባሆ እርሻ አግዛቸዋለች።

በእነዚህ ደሴቶች ኑሮ ምን እንደሚመስል በአንድ ሥራ ማየት ይቻላል፦ በባሕር አረም እርባታ። ገመድ በጥልቀት የለሽ ውኃ ላይ በችካሎች መካከል ይወጠራል፤ የአረሙ ቁርጥራጭ በለስላሳ የፕላስቲክ ክር እየታሰረ ይንጠለጠላል። ከ45 ቀን ገደማ በኋላ ይሰበሰባል፤ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ደርቆ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል። በዛምቦአንጋ በኩል ይሸጥና ካራጊናን የሚባለው ማወፈሪያ ይወጣበታል፤ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ወይም በከባድ ዝናብ ጨዋማነቱ ሲወርድ የአረሙ ጫፍ ይነጣል፣ ይሰበራል። ያኔ ገበሬው ጤነኛ ዘር ከሌላ ደሴት ማምጣት አለበት። ዘሩን የሚያቀርበው፣ ምክሩን የሚሰጠው የመንግሥት ባለሙያ ደመወዝ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ራስ ገዝነት ከሱሉ ጀምሮ ወደ ኮታባቶ

በማርች 1968 ኮሬሂዶር ደሴት ላይ በሚስጥር ይሠለጥኑ የነበሩ ሙስሊም ወጣቶች ተገደሉ፤ ምልምሎቹ በብዛት የሱሉና የታዊ-ታዊ ልጆች ነበሩ። ታዊ-ታዊ ያኔ የሱሉ አካል ነበረች፤ ለብቻዋ ክፍለ ሀገር የሆነችው በሴፕቴምበር 1973 ነው። ግድያው የሞሮ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባርን ለወለደው ቁጣ ትልቅ ምክንያት ሆነ። በዲሴምበር 1976 ግንባሩና መንግሥት ትሪፖሊ ላይ ለ13 ክፍለ ሀገራት ራስ ገዝነት ተስማሙ።

ግንባሩ ግን ተሰነጠቀ። ከማጊንዳናዎ የመጡት ሳላማት ሃሺም በ1970ዎቹ መጨረሻ ተለይተው ወጡ፤ ቡድናቸው በኋላ የሞሮ እስላማዊ ነፃ አውጪ ግንባር ተባለ። የሐሳብ ልዩነት ነበረ፤ መልክዓ ምድራዊ ልዩነትም ነበረ። የመጀመሪያው ግንባር ጉልበት ሱሉ ላይ፣ የሁለተኛው ማዕከላዊ ሚንዳናዎ ላይ ነው።

በ1989 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ሱሉ፣ ታዊ-ታዊ፣ ማጊንዳናዎና ላናዎ ደል ሱር የሙስሊም ሚንዳናዎ ራስ ገዝ ክልልን መሠረቱ። በ2001 ባሲላንና ማራዊ ተጨመሩ። የዚህ አሮጌ ክልል ገዢ በቀጥታ በሕዝብ የሚመረጥ ስለነበር የሱሉ ሰው ሊይዘው ይችል ነበር፤ ከ1996ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ሚሱዋሪ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ፓሩክ ሁሲን ይዘውታል።

በማርች 2014 መንግሥት ከሁለተኛው ግንባር ጋር አዲስ ስምምነት ፈረመ። ሪፐብሊክ ሕግ ቁጥር 11054 በጁላይ 2018 ወጣ፤ አሮጌውን ክልል አፍርሶ ባንግሳሞሮን ያቋቁማል። ለውጡ ስም ብቻ አይደለም። መሪው፣ ማለትም ዋና ሚኒስትሩ፣ ከእንግዲህ በፓርላማ ይመረጣል። ፓርላማውን የሚሞላው ደግሞ ሕዝብ የበዛበት የሚንዳናዎ ምድር ነው። ምርጫ እስኪደረግ የሚያስተዳድረው 80 አባላት ያሉት የሽግግር አካል ሲሆን 41ዱን የሚያቀርበው እስላማዊው ግንባር ነው። ሱሉ ውስጥ ለነበረ ፖለቲከኛም ሆነ ለቀድሞ ታጋይ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነበር።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2019፦ ድምፁና ስሌቱ

ለመራጩ የቀረበው ጥያቄ አዲሱን ሕግ ማጽደቅ አለማጽደቅ ነበር። ሱሉ ውስጥ 137,630 ሰው «አዎ»፣ 163,526 ሰው «አይሆንም» አለ። ልዩነቱ 25,896 ድምፅ ነው። በማጊንዳናዎ በአንጻሩ «አዎ» 599,581፣ «አይሆንም» 9,096 ነበር። በአሮጌው ክልል በሙሉ 1,540,017 «አዎ»፣ 198,750 «አይሆንም» ተቆጠረ። ቁጥሮቹን አስተያይቶ ለሚያይ በመላው አሮጌ ክልል ከተሰጠው «አይሆንም» ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱ የሱሉ ነው።

ሕጉ ግን የአሮጌው ክልል ክፍለ ሀገራትና ከተሞች «እንደ አንድ መልክዓ ምድራዊ አካባቢ» ይቆጠራሉ ይላል። ስለዚህ ሱሉ የሰጠችው ድምፅ በአጠቃላዩ ድምር ውስጥ ተዋጠና ሱሉ ገባች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 6፣ የዚሁ ሕግ ሌላ ፊት ታየ። በላናዎ ደል ኖርቴ ክፍለ ሀገር ያሉ ስድስት ከተሞች፣ ባሎይ፣ ሙናይ፣ ኑኑንጋን፣ ፓንታር፣ ታጎሎአንና ታንግካል፣ ወደ ባንግሳሞሮ መግባት እንፈልጋለን ብለው ድምፅ ሰጡ። ለእነሱ የተቀመጠው መለኪያ ግን እነሱ ብቻ ሳይሆኑ የተቀረው ክፍለ ሀገርም እንዲስማማ ይጠይቃል፤ ክፍለ ሀገሩ እምቢ አለ፤ ስድስቱም ውጪ ቀሩ። በአንድ ሕግ ውስጥ «አዎ» ያሉ ስድስት ከተሞች ሳይገቡ «አይሆንም» ያለ ክፍለ ሀገር ገባ። በእኔ እይታ የነገሩ አስኳል ይህ ነው፦ ድንበሩ የት ላይ ይሰመር የሚለውን የወሰነው ሰው ውጤቱንም አብሮ ወስኗል።

የሱሉ ድምፅ ራስ ገዝነትን መጥላት ነበር ማለት ግን አይቻልም። «አይሆንም» ያለው መራጭ አሮጌው ክልል እንዳለ ይቀጥል ማለቱም ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ይህን ለይቶ አልጠየቀም። የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ሕጉን ይቃወም ነበር፤ የፌዴራል ሥርዓት የሚመኙ ነበሩ፤ ኮታባቶ ትርቀናለች የሚሉም ነበሩ። ከመቶ 46 የሚጠጋ «አዎ» እንዳለም መዘንጋት የለበትም።

የፍርድ ቤቱ ምክንያትና የተቃራኒው ወገን ክርክር

የሱሉ ክፍለ ሀገር አቤቱታውን ያስገባው ሕዝበ ውሳኔው ከመደረጉ በፊት፣ በ2018 ነው። ፍርድ ቤቱ በዳኛ ማርቪክ ሊዮነን ጸሐፊነት በሰጠው ውሳኔ ሕጉን በጥቅሉ አጽንቶ የሱሉን መካተት ብቻ ሻረ። የተመረኮዘው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 10 ክፍል 18 ላይ ነው፤ በሕዝበ ውሳኔ ደግፈው ድምፅ የሰጡ ክፍለ ሀገራት፣ ከተሞችና መልክዓ ምድራዊ አካባቢዎች ብቻ በራስ ገዝ ክልሉ ይካተታሉ ይላል። ክፍለ ሀገር በሕገ መንግሥቱ በስሙ የተጠራ አካል ነው፤ ተራ ሕግ ከሌሎች ጋር ጨፍልቆ የራሱን ድምፅ ሊያሳጣው አይችልም የሚል ነው ድምዳሜው።

ተቃራኒው ክርክር ቀላል አይደለም። «መልክዓ ምድራዊ አካባቢ» የሚለውም በዚያው አንቀጽ ውስጥ ተጽፏል፤ አሮጌው ክልል ለሠላሳ ዓመት እንደ አንድ አካል ኖሯል፤ ሱሉም በ1989 ፈቅዳ ገብታለች። ከሁሉም በላይ በየክፍለ ሀገሩ ይቆጠር ከተባለ የሰላም ስምምነት ተደራዳሪዎች የደረሱበትን ካርታ አንድ የአካባቢ ፖለቲካ ቤተሰብ ሊበትነው ይችላል ይላሉ።

የመጀመሪያውን ክፍል መመለስ ይቻላል። በ1989 የተሰጠው ፈቃድ ለሌላ ሕግ፣ ለሌላ ዓይነት መንግሥት ነበር፤ አዲሱ ሕግ ያን ክልል ራሱ አፍርሷል። የፈረሰ ቤት ውስጥ ለመኖር የተሰጠ ፈቃድ ለአዲሱ ቤት አይሠራም። የሰላሙን ሥጋት ግን በሕግ ክርክር ማጥፋት አይቻልም፤ እውነተኛ ነው።

ውሳኔው ያልተጠበቀ የፖለቲካ ውጤትም ነበረው። የያኔው የሱሉ አስተዳዳሪ አብዱሳኩር ታን ለመጀመሪያው የባንግሳሞሮ ምርጫ የተቃዋሚው ጥምረት የዋና ሚኒስትርነት እጩ ሆነው ሳለ ነው ክፍለ ሀገራቸው ከክልሉ የወጣው። አቤቱታው የቀረበው ልጃቸው ክፍለ ሀገሩን በሚመሩበት ጊዜ ነበር።

ርክክቡ፦ የአንዲት መምህር ደመወዝ የሚሄድበት መንገድ

እስከ ውሳኔው ድረስ ሆሎ ላይ የምታስተምር መምህር ደመወዟ የሚመጣው እንዲህ ነበር። ማዕከላዊው መንግሥት ከአገር ውስጥ ገቢና ከጉምሩክ የተጣራ ገቢው 5 በመቶውን በየዓመቱ ለባንግሳሞሮ በጥቅል ይሰጣል። የክልሉ ፓርላማ በጀቱን ይደለድላል፤ ኮታባቶ ያለው የትምህርት ሚኒስቴር ለሱሉ ጽሕፈት ቤት ይልካል። አሁን የሚጠበቀው መንገድ ከማኒላ ትምህርት መምሪያ ወደ ዘጠነኛው ቀጠና ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ሱሉ ነው።

በወረቀት ሲታይ አጭር ነው። በተግባር ግን «ፕላንቲላ» የሚባል እንቅፋት አለ፤ በሕግ የጸደቀና በጀት የተመደበለት የሥራ መደብ ዝርዝር ማለት ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት ለሰው ሳይሆን ለመደብ ነው የሚከፍለው። የመምህሯ መደብ የክልሉ ዝርዝር ውስጥ ስለነበር በማዕከላዊው መንግሥት ዝርዝር ላይ እንደ አዲስ መከፈት አለበት፤ ያ ሳይሆን ሰውዬዋ ሥራዋ ላይ እያለች ክፍያው ሕጋዊ መሠረት ያጣል። የአገልግሎት ዘመን፣ የደረጃ ዕድገትና የጡረታ መዝገብም አብረው መዘዋወር አለባቸው። ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ እስከ ፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ 11 ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ብቻ መቅረቱ የነገሩን ክብደት ያሳያል።

ጤና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሌላው የፊሊፒንስ ክፍል ከ1991 የአካባቢ መንግሥት ሕግ ወዲህ የክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች የክፍለ ሀገሩ ናቸው። በራስ ገዝ ክልሉ ግን የክፍለ ሀገር ጤና ጽሕፈት ቤቶች በክልሉ ሥር ቆይተዋል። ሱሉ ወደ ተራው ሥርዓት ስትመለስ ሐኪሙን የሚቀጥረው ክፍለ ሀገሩ ነው ወይስ የማኒላው መምሪያ የሚለው መመለስ አለበት። ሕንፃና ተሽከርካሪም እንዲሁ በስም ዝውውር ያልፋሉ።

ያልተነካው

ከተሞቹ ሁሉን ነገር ያጣሉ የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። እያንዳንዱ የአካባቢ መንግሥት ከብሔራዊ ግብር 40 በመቶ ውስጥ የራሱን ድርሻ በቀጥታ ያገኛል፤ ይህ በራስ ገዝ ክልሉ ውስጥ ሆኖም ውጪ ሆኖም ያው ነው። ከዚያ ገንዘብ 23 በመቶ ለክፍለ ሀገራት፣ 23 በመቶ ለትልልቅ ከተሞች፣ 34 በመቶ ለመለስተኛ ከተሞች፣ 20 በመቶ ለባራንጋዮች ይሄዳል። በክፍለ ሀገራትና በከተሞች እርከን ግማሹ በሕዝብ ብዛት፣ ሩቡ በቆዳ ስፋት፣ ሩቡ በእኩል ይከፋፈላል። የፓንጉታራን ማዘጋጃ ቤት ይህን ገንዘብ እንደ ድሮው ያገኛል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም አይዘጉም። የሙስሊሞችን ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ የሚመለከተው ሕግ በ1977 በፕሬዚዳንታዊ ድንጋጌ ቁጥር 1083 የወጣ ብሔራዊ ሕግ ነው፤ የመጀመሪያው የሸሪዓ ዳኝነት አውራጃ ራሷ ሱሉ ናት። የምታጣው ባንግሳሞሮ ወደፊት በራሱ ሕግ ሊያሰፋ የሚችለውን ነው።

ለተቀረው ክልል፣ ለነገዋም ሱሉ

የባንግሳሞሮ ፓርላማ 80 ወንበር አለው፦ 40 ለፓርቲዎች፣ 32 ለምርጫ ክልሎች፣ 8 ለተለዩ የማኅበረሰብ ክፍሎች። ከ32ቱ ሰባቱ የሱሉ ነበሩ። እነዚህን ለሌሎች ያከፋፈለ የክልል ሕግ በኦገስት 2025 ወጣ፤ ምርጫው ግን ለኦክቶበር 13 ተቀጥሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲሱንም አሮጌውንም የምርጫ ክልል ሕግ ሽሮ ምርጫው ከማርች 31 ቀን 2026 ሳያልፍ እንዲደረግ አዘዘ። የአንድ ክፍለ ሀገር መውጣት የመላውን ክልል የመጀመሪያ ምርጫ አዘገየ ማለት ነው።

ገንዘቡም ያከራክራል። 5 በመቶው የሚሰላው ከመንግሥት ገቢ እንጂ ከክልሉ ሕዝብ ብዛት ስላልሆነ ሱሉ ስለወጣች አይቀንስም። ስለዚህ ማኒላ የሱሉን አገልግሎት በተጨማሪ በጀት ትሸፍናለች፤ ክልሉ ደግሞ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያነሰ ሸክም በቀድሞው ድርሻ ይቀጥላል። አንዳንዶች ድርሻው ይቀነስ ይላሉ፤ ያ ሕጉን ማሻሻል ይጠይቃል፤ ከሰላም ስምምነቱም ጋር ያጋጫል።

ወደ ክልሉ ተመልሳ መግባት የምትችልበት በር አለ፤ አጭር ግን አይደለም። በመጀመሪያ የፊሊፒንስ ኮንግረስ ሕግ ማውጣት አለበት። ቀጥሎ ሱሉ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ የሚቆጠረው የሱሉ ድምፅ ለብቻው ነው። በ2019 የነበረው ክፍተት በሁለት ተከፍሎ ሲታይ ወደ 13,000 መራጮች ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር፤ ከ19 ከተሞች አንዷ ወይም ሁለቱ ብቻ ሊሸፍኑት የሚችሉት ቁጥር ነው።